ሳጅኗ ያልጻፈችው ስም

ጫማ ሰፊው ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እግር ይቀለው ነበር። ሠላሳ ዓመት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይልመድ? ከመንገዱ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ወስፌውን እየወጋ፣ ቀና ሳይል፣ «እንደምን አደሩ እማማ፤ ዛሬ ቀኝ ጉልበትዎ አስቸገረዎት መሰለኝ» ይላል፤ አይስትም። ተረከዙን ወደ ውጭ የሚበላውን፣ አውራ ጣቱ ቆዳ የሚበሳውን፣ ለክብር የገዛውን ጫማ ቸግሮት ለሥራ ያወረደውን ሁሉንም ለይቶ ያውቃል።

ሥራውን በወረቀት አይመዘግብም። በቆርቆሮው በር የውስጥ ገጽ ላይ የደንበኛውን እግር በጠመኔ ይነድፍና በመካከሉ የሰውየውን ምልክት ያደርግበታል፤ ለመምህሩ መነጽር፣ ለዳቦ ጋጋሪው ክብ፣ ለአናጢው መጋዝ። ከንድፉ ጎን ደግሞ ሶሉ ከየትኛው አሮጌ ጎማ እንደተቆረጠ በአንድ ጭረት ያመለክታል። ክርክር ቢነሣ በሩን ገርበብ አድርጎ ያሳያል። «በሩ አይዋሽም» ይላል፤ እውነትም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋሽቶ አያውቅም።

የሰፈሩ ፖሊስ ሳጅኗ ናት። ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ የግራ ቦቲ ጫማዋ ተረከዝ ከውስጥ በኩል የሚያልቅባት ሴት ናት። ሰፈሩ ዱላ የያዘ ሰው ጠብቆ ነበርና አጭር እርሳስና ማስታወሻ ደብተር የያዘች ሴት ሲያይ ቅር አለው። በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ ከበር በር ትዞራለች፤ ሰው ሲያወራ አታቋርጥም፤ ሰው ሲጨርስም ቶሎ አትናገርም። ከኋላዋ «ጆሮ» የሚል ስም አወጡላት። «ጆሮ መጣች» ይላሉ፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰማ ነው?»

አንድ ጊዜ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ድምፁ ከሆዱ የሚቀድም ሰውዬ፣ አቤቱታ አቀረበላት። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ወጣቶች እየተሰበሰቡ ይጠጣሉ፣ ጠርሙስ ይሰብራሉ፣ የምታልፈውን ሴት ሁሉ ይለክፋሉ። «ሰብስበሽ እሰሪልን» አላት። እሷ ግን ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ ሄዳ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ከመካከላቸው፣ ቁጭ ብላ በላች። በማግስቱም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ፖሊስ አጠገብ ተቀምጦ መጠጣት የሰለቸው አንዱ፣ «ሳጅን፣ እኛ እኮ ወደን አይደለም። የኳስ ሜዳው በር ተቆልፎብን ነው» አላት። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ብትጠይቅ ሰብሳቢው ኪስ ውስጥ ተገኘ። ሜዳው ተከፈተ፤ ደረጃው ጸዳ። ጫማ ሰፊው ይኼን ሲሰማ መዶሻውን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጅኗን ወደዳት፤ ቦቲዋንም ከሌላው ሰው ሥራ ያስቀድምላት ጀመር።

ዘንድሮ የመጣው ነገር ግን ጭንቅ ነበር። የፍሳሽ ጉድጓዶቹ የብረት ክዳን መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ አንድ፣ ቀጥሎ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን አንድ። ሌባው ብረቱን ለቁርጥራጭ ይሸጠዋል፤ ሰፈሩ ደግሞ አፉን የከፈተ ጉድጓድ ይታቀፋል። ረቡዕ ቀን፣ ጠዋት ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ ሦስተኛው ክዳን ከአሮጊቷ አዋላጅ ቤት ጥግ ተነሣ።

ያን ዕለት ጫማ ሰፊው ከቀትር ጸሎት እየተመለሰ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሱቁን ዘግቶ ቤተ ጸሎት ይሄዳል። ወደ ጥጉ ሲታጠፍ ከመሬት ሥር የሚመጣ ድምፅ ሰማ፤ ጩኸት ሳይሆን የቁጣ ድምፅ። ሮጦ ሲደርስ የሰፈሩን ግማሽ ሰው በእጇ የተቀበለችው አዋላጅ እስከ ደረቷ ጉድጓድ ውስጥ ገብታለች። በጉልበቱ ወድቆ ሁለት ክንዶቿን ያዘና ደነገጠ፤ ደርቆ ቀረ።

«አንተ ነህ?» አለችው፤ ፊቷ ገርጥቶ። «ጎትት እንጂ፤ ምን ቁጭ ብለህ ታየኛለህ? እኔ አንተን ስጎትት እንዲህ አልዘገየሁም።»

ጎተተ። ጎረቤት ተጠራርቶ ደረሰ፤ አንዱ በር ነቅሎ አመጣ፤ በበሩ ላይ አስተኝተው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። የዳሌ አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበር። ጫማ ሰፊው ቤቱ ገብቶ የረጠበ ልብሱን ቀየረ፤ ትኩስ ሻይ ጠጣ፤ አምላኩንም ሕይወቷን ስላተረፈ አመሰገነ። ልክ ነበር። ግን ምስጋናው ገና አላለቀለትም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሳጅኗ ጉድጓዱ ዳር ተንበርክካ ስታይ ሰው ከበባት። ዙሪያው ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ የጫማ ምልክት አልያዘም፤ ከአንድ ጥግ ላይ ብቻ መዳፍ የሚያህል ጭቃ ነበር። ሰብሳቢው እዚያ ላይ ሰማያዊ የልብስ ሳፋ ደፍቶ ሌሊቱን ሲጠብቅ እንዳደረ ለሁሉም ተናግሯል።

«ማስረጃ ነው» አለና ሳፋውን እንደ ድስት ክዳን አነሣው። «ፖሊስ እንዲህ እንደሚያደርግ ሰምቻለሁ።»

ከሥሩ የጫማ ምልክት ነበር። ሙሉ አይደለም፤ የፊተኛው ግማሽ ብቻ፣ ጣቶቹ ጠልቀው የተተከሉበት። በጭቃው ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ ቅርፅ በደንብ ወጥቷል።

«ጋሼን ጥሩልን» አለ ሰብሳቢው። «ይኼ የእሳቸው ሙያ ነው።»

ጫማ ሰፊው መጥቶ ጎንበስ አለ። ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። የዓሣ አጥንቱን ያውቀዋል፤ አምና ያገኘው የከባድ መኪና ጎማ ነው፤ ጥሩ ጎማ ነበር። ሰው ሁሉ አፉን አፉን ሲያየው፣ እውነት ለመናገር፣ ደረቱ ትንሽ ነፋ አለ። ሠላሳ ዓመት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው አንድ ቀን ቀና ሲል እንዲህ ነው።

«የእጄ ሥራ ነው» አለ። ሱቁ ሄዶ በሩን ገርበብ አድርጎ አየና ተመለሰ። «ከዚያ ጎማ የቆረጥኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለትከሻ።»

ትከሻ በእህል መጋዘኑ የሚሠራ ተሸካሚ ነው። ስሙን ያገኘው ሁለት ኩንታል ባንድ ጊዜ ሲያነሣ ከታየ በኋላ ነው። ልጅ ሳለ በስርቆት ሁለት ዓመት ታስሮ ወጥቷል፤ ያንን ደግሞ ሰው አይረሳለትም። ከእስር ከወጣ በኋላ አራት ወር ሙሉ ቤት የሚያከራየው አጥቶ ሲንከራተት በመጨረሻ ያከራየው ሰብሳቢው ነበር። መጋዘኑም የቀጠረው ሰብሳቢው ዋስ ስለሆነለት ነው።

ሳጅኗ ቀና ብላ አየችው። «እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«የገዛ እጄን ላላውቅ?»

«እጅዎን አልጠረጠርኩም። ከዚያ ጎማ ለሌላ ሰው አልቆረጡም ወይ ነው ያልኩት።»

«በሩ አይዋሽም፣ ልጄ።»

ደብተሯን አውጥታ ትንሽ ጻፈች፤ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «እንግዲህ ሰዎች፣ ሁለት ሦስት ቀን ስጡኝ። ሌላ ያየ፣ የሰማ ካለ በሬ ክፍት ነው።»

ማንም አልመለሰላትም። ሌባው እኮ ተገኝቷል፤ ምን የሚሰማ ቀረ? ሰብሳቢው እንደሆነ ሳፋውን ደፍቶ ወደ ትከሻ ቤት እየገሠገሠ ነበር። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ተመለሰ፦ ትከሻ እስከ ቅዳሜ ቀትር ቤቱን ይልቀቅ፤ ዋስትናውም ተነሥቷል።

ከሰዓት በኋላ ትከሻ ራሱ መጣ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ጥላው ሥራው ላይ ወደቀ። ጫማ ሰፊው ቀና አላለም፤ ጫማውን አየ። የዓሣ አጥንቱ ሶል ገና ብዙ ዕድሜ ነበረው።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ጫማህ ተናገረ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ጫማዬን እርስዎ ነዎት የሠሩልኝ። ያኔ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

ጫማ ሰፊው ወስፌውን እንደገና ቆዳው ውስጥ ወጋ።

«ደህና ቦታ ያድርስህ አሉኝ። እኔ አልረሳሁትም።» ትከሻ ለመሄድ ዞር አለና፣ «ቅዳሜ ከወጣሁ መጋዘኑም አይቀበለኝም። ለማንኛውም እንኳን እማማን አተረፉልን» ብሎ ሄደ።

ያ የመጨረሻው ቃል ጫማ ሰፊውን እንደ እሾህ ወጋው። በዚያ ሰዓት እሱን የሚያመሰግን ሌባ አይቶ አያውቅም። ምሽት ላይ አዋላጇን ሊጠይቅ ጤና ጣቢያ ሄደ። ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን የግራ ጫማዋን በረጅም ሽቦ አውጥቶ አጥቦ ይዞላት ነበር።

«ማሰሪያው ተበጥሷል፤ እሰፋልዎታለሁ» አላት።

«ስፋው። ገና እሄድበታለሁ። ይልቅ ትከሻን ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ምልክቱ የእሱ ነው፣ እማማ።»

«ሁለታችሁንም የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ። «እሱ ሲወለድ እንደ ማንም ልጅ አለቀሰ። አንተ ግን ዝም ብለህ ዞር ዞር ብለህ ታየን ነበር። ያኔም ሰው መመርመር ትወድ ነበር።» ከዚያ እጁን ያዘች። «አልቆጣህም። ብቻ አንድ ጊዜ ደግመህ እይልኝ።»

ዓርብ ሆነ። ሚስቱ ከአልጋው ሥር የጸሎት ጫማውን ካርቶን አወጣችለት። ይህ ጫማ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ፀሐይ አያይም፤ አድርጎት ሄዶ፣ አውልቆ ካርቶኑ ውስጥ ይከታል። እሷ ላዩን በጨርቅ ወልወል አደረገችለት፤ እሱም አጥልቆ ወጣ።

ቤተ ጸሎቱ ሞልቶ ነበር። ጊዜው ሲደርስ እንደ ሁሉም ሰው ተንበረከከ። ክፉ ልማዱ ነው፤ ሲንበረከክ ዓይኑ ከፊቱ ባለው ሰው የጫማ ሶል ላይ ያርፋል፤ ስንት ጊዜ ይቅርታ ጠይቆበታል። ዛሬ ግን ያሰበው ስለ ፊተኛው ሰው አልነበረም። ጉልበቱ መሬት ሲነካ የእግሩ ጣቶች ጫማው ውስጥ ታጠፉ፤ የሶሉ ፊተኛ ግማሽ ወለሉን ገፋ፤ ተረከዙ ወደ ላይ ተነሣ። ገላው ይኼን አቀማመጥ አስታወሰ። ጉልበቱ እርጥብ ነበር። እጁ ውስጥ የአሮጊት ክንድ ነበር። ጣቶቹ ጭቃ ውስጥ ተተክለው ነበር።

ጸሎቱ ምን እንደነበረ አልሰማም። ሁሉም ሲነሣ እሱ አልተነሣም።

ወጥቶ ከግቢው ጥግ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቀኝ ጫማውን አውልቆ ገለበጠው። የዓሣ አጥንት። በመስመሮቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ተሰግስጎ። አሁን ሁሉም ነገር መጣለት፤ ለትከሻ ከቆረጠ በኋላ የተረፈው ጎማ ለእሱ የእግር ልክ በቅቶ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲጠፋ ለራሱ ቆርጦ መታው። በሩ ላይ አልነደፈውም። ሰው ለራሱ እግር ምልክት ያደርጋል እንዴ? በሩ አልዋሸም። ያልተጻፈበትን ከየት ያምጣ?

እግሩን እየጎተተ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ ፊቱን አይታ ወንበር ሳበችለት። ነገራት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

«ማንም አያውቅም እኮ» አለ በመጨረሻ። አባባሉ ለራሱም አስቀያሚ ሆነበት። «ሳጅኗን ለብቻዋ ተጠራጠርኩ ብላት... ምልክቱ ደብዛዛ ነው ብላት...»

«እሱስ ይሆናል» አለች ሚስቱ።

«ቅዳሜ በሰው ፊት ቆሜ የራሴን ዱካ አላወቅኩም ብል ማን ጫማውን ይሰጠኛል?»

«ማንም ላይሰጥህ ይችላል።» ጫማውን ከእጁ ተቀበለችና ገለባብጣ አየችው፤ ከዚያ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። «ልጁ ነገ በዚህ ሰዓት ዕቃውን ተሸክሞ ደጅ ነው። አድርገውና ሂድ። ይኼንኑ። ጭቃውን ደግሞ እንዳታራግፍ።»

ሳጅኗን ጣቢያው ውስጥ፣ አንድ እግሩ ከተሰበረ ጠረጴዛ ኋላ፣ ዳቦ እየበላች አገኛት። ሳይቀመጥ ተናገረ። ስትሰማው ማኘኳን አቆመች፤ እስኪጨርስ ድረስ ግን እንደ ወትሮዋ አላቋረጠችውም።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለችው። ጫማውን አገላብጣ አየች። «ይምጡ፤ እዚያው ሄደን እንየው።»

ሁለቱ ብቻ ሄዱ። ሳፋውን አነሣች። ጫማ ሰፊው በሠላሳ ዓመት ሥራው ለስንት ሰው እንዳደረገው የራሱን እግር አመቻችቶ አስቀመጠ። ምልክቱ ሶሉን ተቀበለው።

«ጉልበትዎ ደግሞ እዚህ ጋ ነበር» አለች፤ ከምልክቱ ፊት ድንጋዩ ላይ ወደ ደረቀ የጭቃ እድፍ እያሳየችው። «ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ። ክዳን የሚሰርቅ ሰው ምን ቆርጦት ይንበረከካል ብዬ ነበር፤ ግን ክዳኑ ከባድ ነው፤ ሊንበረከክ ይችላል። እማማን ብቻዎን መጎተትዎን ደግሞ ማንም አልነገረኝም፤ ሁሉም ያወራልኝ በተነቀለው በር ላይ ስለተሸከሟት ነው። እርስዎንም አልጠየቅኩም። የእኔም ጥፋት አለበት።»

ጫማ ሰፊው ቀና አለ። «የልጁን ስም ጽፈሽዋል?»

ሳጅኗ ደብተሯን አውጥታ ገጹን ገለጠችለት። የእጅ ጽሑፏ ቀጥ ያለ ነበር። ረቡዕ፣ ሦስተኛ ክዳን፣ አዋላጅ ተጎዳች። የጫማ ምልክት፣ የዓሣ አጥንት፣ የፊት ግማሽ። ጫማ ሰፊው አወቁት። ከዚያ በታች፣ «የማን» የሚል ቃልና ሁለት ነጥብ። ከሁለቱ ነጥብ በኋላ መስመሩ እስከ ዳር ድረስ ባዶ ነበር።

«እኔ ነግሬሽ አልነበር?» አላት። «የገዛ እጄን ላላውቅ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል። ስም ግን በመጨረሻ ነው የምጽፈው። አንዴ ከጻፍኩት እኔም ሌላ መፈለግ አቆማለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።» ደብተሩን ወደ ኪሷ መለሰች። «ይልቅ ሰፈሩ ቀደመኝ።»

ጫማ ሰፊው ያንን ባዶ መስመር ለረጅም ጊዜ አልረሳውም። ሰው የተሰጠውን ይቆጥርና ያመሰግናል፤ እሱ ግን በዚያች ደቂቃ ያመሰገነው ስላልተጻፈ ነገር ነበር። እግዚአብሔር በዚች ቀጭን ሴት እርሳስ በኩል እጁን ይዞለታል። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ እሷም ሳፋውን በማስተካከል የተጠመደች መሰለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው በትከሻ ደጃፍ ተሰብስቦ ነበር። ትከሻ ፍራሹን ጠቅልሎ፣ በገመድ አሥሮ፣ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ጫማ ሰፊው በሰዉ መካከል አለፈ፤ ቀኝ ጫማውን አውልቆ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ምልክቱ የእኔ ነው» አለ።

 ከዚያ ሰብሳቢው፣ «ጋሼ ክዳኑን ሰረቁት ማለት ነው?» አለ፤ ሰዉም በሳቅ ፈነዳ። ጫማ ሰፊው ግን አልሳቀም።

«እማማን ስጎትት የተተከልኩበት ነው። ከዚያው ጎማ ለራሴም ቆርጬ ነበር፤ በሩ ላይ አልነደፍኩትም። ሳላጣራ የዚህን ልጅ ስም ጠራሁ። አላወቅኩም ማለት ነበረብኝ፤ አወቅኩ አልኩ።» ወደ ትከሻ ዞረ። ስንት ዓመት ጫማውን ሲያይ ኖሮ የዛሬን ያህል ፊቱን አይቶት አያውቅም፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ገና ልጅነቱ ያልለቀቀው ፊት። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ትከሻ ከፍራሹ ላይ ተነሣ።  «ጋሼ» አለ፣ «እግርዎ ይበርዳል። ጫማዎን ያድርጉ።»

ሳጅኗ ከአጥሩ ጋ ተደግፋ ቆማ ነበር። «እንግዲህ» አለች እንደ ወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሌባው አልተገኘም። ረቡዕ ዕለት ያየ፣ የሰማ አለ?»

 ከኋላ በኩል ልብስ አጣቢዋ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «እኔስ...» አለች። «ረቡዕ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ የእጅ ጋሪ ሰምቻለሁ። አንደኛው ጎማው እንደ ድመት ይጮኻል። የኛ ሰፈር ጋሪ አይጮኽም፤ እህል ጫኝ ነዋ፣ ዘይት ይቀቡታል።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እህቴ?»

«ሌባው ተገኘ ሲባል ምን ልበል? የእኔ የጋሪ ወሬ ለማን ይጠቅማል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኔም» አለ ዳቦ ጋጋሪው እየተቅለሰለሰ። «ከእኔ በር ላይ ሲነሣ ያቺው ጋሪ በዚያ በኩል ነበረች። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ቢጫ ኮፍያ አለው።»

የዚያን ቀን ሳጅኗ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙትን አንድ በአንድ ዞረች፤ ትከሻም አብሯት ሄደ፤ የዕቃ ጫኝና አውራጅን ሰፈር ሁሉ ያውቃል። በአራተኛው መጋዘን ደጃፍ አንድ ጋሪ፣ ባለ ቢጫ ኮፍያው እየገፋው፣ እንደ ድመት እየጮኸ ገባ። የአዋላጇ ጥግ ክዳን፣ ጫፉ ላይ የተሸረፈው፣ ገና አልተሸጠም ነበር። ክዳኑን ትከሻ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። ሰብሳቢው ቁልፉን በጓሮ በር በኩል መለሰለት፤ በሚቀጥለው ሰኞም ክዳኖቹን ሁሉ በሰንሰለት አስበየደ፤ ሐሳቡም የእሱ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይናገራል።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ጫማ ሰፊው ቀና ሳይል የሚመጣውን እርምጃ አዳመጠ። አንድ ከባድ እግር፣ አንድ ከዘራ፣ አንድ ቀላል እግር፤ ጎናቸው ሰፊና ዝግ ያለ እርምጃ። የግራ ጫማዋ ማሰሪያ ደህና ይዟል። «እንደምን አደሩ እማማ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። መጀመሪያ ቀና ብሎ አየ። አዋላጇ ነበረች፤ ክንዷን የያዛት ደግሞ ትከሻ ነበር።

«ምነው ዛሬ በዓይንህ አየኸን?» አለች አዋላጇ። «ታመምክ እንዴ?»

«እየተለማመድኩ ነው፣ እማማ።»

ትከሻ ጫማውን አውልቆ ሰጠው። ተረከዙ ማለቅ ጀምሮ ነበር። «ጋሼ፣ ዓሣውን ይተዉልኝ እባክዎ» አለ፤ ፈገግ ብሎ። «ሌላ ጎማ ይሁንልኝ። ወይም ሰው እንዳይሳሳት ስሜን ከሥሩ ይጻፉበት።»

«ስም በመጨረሻ ነው የሚጻፈው» አለ ጫማ ሰፊው። «መጀመሪያ እግርህን አምጣ።»

ልኩን ወስዶ በሩ ላይ ነደፈው፤ በመካከሉ የሰፊ ትከሻ ምልክት አደረገ። ከዚያ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ ትንሽ አሰበና የራሱን ቀኝ ጫማ አወለቀ። እግሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ተረከዙን በግራ እጁ ይዞ፣ የገዛ እግሩን ከትከሻ እግር ጎን ነደፈ። በመካከሉ ምን ምልክት እንደሚያደርግ ግን አላወቀም። ለጊዜው ባዶ ተወው።